በእኛና በአዴ ጫልቱ ግድግዳ መካከል

ሱሉልታ የኖረ ሰው የቤታችንን ብርድ ሳወራለት ቶሎ ይገባዋል። ያልኖረ ሰው ደግሞ «አዲስ አበባም እኮ ይበርዳል» ብሎ ያልፈኛል። ለሁለቱም ማውራት የምጀምረው ስለ ብርድ ነው፤ መሃል ላይ ስደርስ ግን ድምፄ ይቀንሳል፣ ዓይኔ መሬት መሬት ያያል። ታሪኩ በሕይወቴ እንደዚያ አፍሬ የማላውቅባቸው ጥቂት ቀናት ታሪክ ነው። እናንተ ፊቴን ስለማታዩኝ መጻፉ ይቀለኛል ብዬ ተቀመጥኩ። እስካሁን ግን አልቀለለኝም።

ደረጀ እባላለሁ። ያኔ ለሰፈሩ ሰው የአንድ ቀለም ፋብሪካ የሽያጭ ኃላፊ ነበርኩ። እውነቱ ግን ፋብሪካው ጥሬ ዕቃ አጥቶ ሠራተኛ ሲቀንስ ከመጀመሪያዎቹ ጋር ወጥቻለሁ። ይህን የምታውቀው ባለቤቴ ሰላማዊት ብቻ ነበረች። ለእናቴም፣ ለወንድሜም፣ ለጎረቤትም አልተናገርኩም። ቶሎ ሌላ ሥራ አገኛለሁ፣ ከዚያ «ለውጥ ፈልጌ ለቀቅኩ» እላለሁ ብዬ ነበር። ሥራው ሲዘገይ ውሸቱ አብሮ እያደገ ሄደ።

ጠዋት ሸሚዜን ተኩሼ፣ ከረባቴን አስሬ፣ ቦርሳዬን አንጠልጥዬ እወጣለሁ። ሚኒባስ ይዤ አዲሱ ገበያ እወርዳለሁ። ከዚያ ወዲያ የምሄድበት የለኝም። አንዳንዱን ቀን ማመልከቻ ሳስገባ እውላለሁ፤ አንዳንዱን ቀን ደግሞ አንድ ማኪያቶ አዝዤ፣ ስኒው ደርቆ አስተናጋጇ በዓይኗ እስክታስወጣኝ እቀመጣለሁ። ማታ ከሠራተኛው ጋር ተሰልፌ፣ ተጋፍቼ፣ ደክሞኝ እመለሳለሁ። የሚገርመው ድካሙ የእውነት ነበር።

ቤታችን የሁለት ወንድማማቾች ከነበረ ቤት ግማሹ ነው። ታላቅየው መጀመሪያ ሠራ። ታናሽየው ከዓመታት በኋላ ከጎኑ ሲሠራ የወንድሙን ግድግዳ ሳይነካ የራሱን አቆመ። በሁለቱ የብሎኬት ግድግዳዎች መካከል እጅ የሚያስገባ ክፍተት ቀረ፤ ከላይ አንድ የቆርቆሮ ጣሪያ አለበሷቸው። ወንድማማቾቹ ሸጠው ሲሄዱ አንዱን ግማሽ እኛ ገዛን፣ ሌላውን ኦቦ ፈይሳና ባለቤታቸው አዴ ጫልቱ ገዙ። በዚያ ክፍተት ነፋሱ ከጓሮ እየገባ ሌት ተቀን ይነፍሳል። በዚያ በኩል ያለው የሳሎናችን ግድግዳ ክረምት ላይ ሲነኩት እጅ ያደነዝዛል። ትንሿ ልጃችን ሶስና ክረምቱን ሙሉ ስትስል ነው የምትከርመው።

ኦቦ ፈይሳ ከአባቴ ዕድሜ አያንሱም። ጓሮአቸው ውስጥ የወተት ላሞች አሏቸው፤ ጎልማሳ ልጆቻቸው ራቅ ብለው ይኖራሉ። አዴ ጫልቱ ጠዋት በሩ ላይ ሲያገኙኝ «አካም ቡልተኒ» ብለው በኦሮምኛ ይጀምሩና በአማርኛ ይጨርሳሉ። ከሥራ በወጣሁ ሰሞን ወተት ያመጡልን ጀመር።

«ተርፎ ነው፤ የሚወስደው ደንበኛ ቀረ። ለሶስና አፍሉላት» ይላሉ።

እኔም ውለታ የዋልኩላቸው ያህል ኮራ ብዬ እቀበላለሁ። አንድ ቀንማ «እኛ እንኳን የለመድነው የታሸገውን ነው» ብያቸዋለሁ። ፈገግ አሉና «ይሁን ልጄ፣ ላሚቱ እንዳትቀየምህ ብለህ ጠጣ» ብለውኝ ሄዱ።

ባልና ሚስቱ ዝግ ብለው ስለሚያወሩ ድምፃቸው እኛ ዘንድ አይሰማም፤ የሚያናድደኝ አንድ ነገር ቢኖር ሬዲዮአቸው ነበር። ዝም ብሎ ይቆይና በድንገት ይጮኻል። ዜናም ይሁን ዘፈን፣ የሳሙና ማስታወቂያም ይሁን፣ ምርጫ የለውም፤ ብቻ ድምፁ እስከ መጨረሻው ይከፈታል። ትንሽ ቆይቶ ይጠፋል። ብዙ ጊዜ የሚመጣብን ደግሞ እኔና ሰላማዊት ቁም ነገር ስንይዝ ነው። «ደግሞ ጀመሩ» እንባባላለን። አንድ ምሽት ትዕግሥቴ አልቆ ሄጄ በራቸውን አንኳኳሁ።

«አዴ ጫልቱ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ሬዲዮውን ዝቅ ቢያደርጉልን። የቢሮ ሥራ ይዤ ነው ቤት የምገባው።»

ጭራሽ የቢሮ ሥራ! ሴትዮዋ ፊቴን ትንሽ አዩት።

«ጆሮዬ ደከም ብሎ ነው ልጄ» አሉ። «እሺ፣ ከእንግዲህ አይረብሽህም።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሬዲዮው ጸጥ አለ።

ሐምሌ ላይ ከቡራዩ ኤልያስ የሚባል ባለሙያ አስመጣሁ። ከዕቃ ካርቶን ውስጥ የሚወጣውን ነጭ ፎም ሰብስቦ ይፈጭና በግድግዳዎች መካከል ይሞላል። ሰበታ ያለ አንድ ዘመዴ ቤት ሞልቶ ቤቱ ሲሞቅ በዓይኔ አይቻለሁ። ኤልያስ ኮርኒሱ ላይ ወጥቶ በባትሪ አየና ወረደ።

«ከላይ ነው የምናፈሰው። ነፋሱ ይቆማል፣ ሙቀታችሁም አይወጣም» አለ። «ግን ክፍተቱ የጋራችሁ ነው። ጎረቤቶቻችሁ ሳይስማሙ አልነካውም።»

ያን ዕለት ማታ ከሰላማዊት ጋር ስንመክር ፍሪጁን ለመሸጥ ወሰንን። «በዚህ ብርድ ፍሪጅ ምን ሊሠራልን» ብላ ልትስቅ ሞከረች፤ ሳቁ ግን አልመጣላትም። በማግስቱ ኤልያስን አስከትዬ ኦቦ ፈይሳ ዘንድ ገባሁ። ቆሜ፣ እጄን ኪሴ ከትቼ ነው የተናገርኩት።

«ወጪው ሙሉ በሙሉ በእኔ ነው። እናንተ ምንም እንዳታስቡ። መሥሪያ ቤቴ ቦነስ ሰጥቶናል።»

ኦቦ ፈይሳ ሚስታቸውን አዩ። አዴ ጫልቱ የሻሻቸውን ጫፍ ማስተካከል ጀመሩ።

«ክረምቱ ይውጣ» አሉ ኦቦ ፈይሳ በመጨረሻ። «ግድግዳው ርጥበት ጠጥቷል። አሁን ቢታፈን ይሻግታል። ጥቅምት ላይ እንነጋገርበት።»

«ልጄ እየሳለች ነው እኮ!»

«እናውቃለን» አሉ አዴ ጫልቱ። «እኛ ጋ ትዋል። ወጥ ቤታችን ይሞቃል። ምን ቸገረህ?»

ልጄ የሰው ወጥ ቤት ውስጥ ልትውል! ፊቴ ተቀያየረ። «እናስብበታለን» ብዬ ወጣሁ። ቤቴ ገብቼ በሩን እንደዘጋሁ ግን የተናገርኩትን እስካሁን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ።

«ላም እንጂ ቤት አያውቁም! ከእበት ጋር የኖረ ሰው ስለ ግድግዳ ምን ያውቃል?»

«ቀስ በል» አለች ሰላማዊት።

«ምን ቀስ እላለሁ? በገዛ ቤቴ!»

በማዶ በኩል ሬዲዮው ለአፍታ ጮኸና ወዲያው ጠፋ። በማግስቱ ጠዋት ወተቱ እንደወትሮው መጣ።

ከዚያ ያ እሑድ ደረሰ። ነሐሴ ውስጥ ነበር። ከቀትር በኋላ በረዶ ወረደ። ቆርቆሮውን ሲደበድበው እርስ በርሳችን መሰማማት አቃተን። መብራት ጠፋ። በረዶው ሲያባራ ዝናቡ ቀጠለ፤ ቤቱ እንደ ጉድጓድ ቀዘቀዘ። ሶስና ሁለት ሹራብ ለብሳ ትንቀጠቀጣለች።

«ከሰል ላስገባ» አልኩ።

«ይፈራል፣ ደረጀ። በሩን ከፈት አድርገን ከሆነ ይሁን» አለች ሰላማዊት።

«በር ከፍተን ምኑን ሞቅነው? ደጅ በደንብ አቀጣጥለዋለሁ። ጭሱ ካለቀ ምንም አያደርግም።»

የማላውቀውን ነገር እንደማውቅ አድርጎ መናገር ለእኔ ሙያ ነበር። በረንዳው ላይ አራግቤ፣ ከሰሉ ቀልቶ ጭሱ ሲጠፋ አስገባሁት። ከበሩ ሥር የሚገባውን ነፋስ በፎጣ፣ የመስኮቱን ስንጥቅ በጋዜጣ ደፈንኩ። ቤቱ ሞቀ። ሶስና ካልሲዋን አወለቀች።

«አባ፣ በጋ ሆነ?» አለችኝ።

ደስ አለኝ። ኦቦ ፈይሳ ፈቀዱም አልፈቀዱም ቤቴን አሞቅሁ ብዬ በልቤ ፎከርኩ።

ሰላማዊት «ራሴን ትንሽ አመመኝ» ብላ ሶፋው ላይ ጋደም አለች። እኔም ምንጣፉ ላይ ከሶስና አጠገብ ተቀመጥኩ። ዓይኔ ከበደኝ። እሑድ ነው፣ ዝናብ ነው፣ ሙቀት ነው፣ እንቅልፍ ቢመጣ ምን ይገርማል? ትንሽ ቆይቶ ሶስና ትነጫነጭ ጀመር። «ሆዴን» አለች። አስታወከች መሰለኝ። ልነሳ ፈለግሁ። እግሬ ግን የሌላ ሰው እግር ሆኖብኛል። ሰላማዊትን ልጠራት አፌን ከፈትኩ፤ ምላሴ አልታዘዝ አለኝ። ልጄ ታለቅሳለች። ልቅሶዋ ከሌላ መንደር የሚመጣ ይመስል እየራቀ፣ እየቀጠነ ሄደ። ከዚያ ዝም አለች። ዝምታዋ አላስደነገጠኝም። ተኛችልኝ ብዬ ደስ አለኝ።

ከዚያ በሩ ተደበደበ።

«ደረጀ! ሰላማዊት! ባልበላ በኒ! በሩን ክፈቱ!»

የአዴ ጫልቱ ድምፅ ነው። «መጣሁ» ያልኩ መስሎኝ ነበር። በኋላ ሲነግሩኝ አንድም ድምፅ አልወጣኝም። መስታወት ሲሰበር ሰማሁ። ኦቦ ፈይሳ በረት የሚጠርጉበትን አካፋ ይዘው መስኮቱን ሰብረው በዚያ ዕድሜያቸው ተንጠላጥለው ገቡ። አንድ ሰው በብብቴ ይዞ ጎተተኝ። ጭቃ ላይ ወደቅሁ፤ ዝናቡ ፊቴን መታኝ። ዓይኔ ሲገለጥ መጀመሪያ ያየሁት አዴ ጫልቱን ነው። ሶስናን ደረታቸው ላይ አጋድመው፣ ነጠላቸውን ከዝናቡ ጋርደውላት፣ ጀርባዋን እያሹ «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ኢንተላ ኮ» ይላሉ። የልጄ አንገት ወደ ኋላ ተዝለፍልፏል።

ኦቦ ፈይሳ ባጃጅ አስቁመውልን ጤና ጣቢያ ደረስን። ሰላማዊት እየተንገዳገደች በእግሯ ገባች። ሶስናን ወስደው ኦክስጅን አደረጉላት። እኔን ኮሪደር ላይ አስቀመጡኝ፤ በባዶ እግሬ ነኝ፣ ጭቃው ሱሪዬ ላይ ደርቋል። ካርድ የሚያወጣው ሰው መጣ።

«ስም?»

ነገርኩት።

«ሥራ?»

«የሽያጭ ኃላፊ» አልኩ።

አፌ ራሱ ነው የተናገረው። ልጄ ከበሩ ወዲያ እየሞተች ነው እኮ። ኦቦ ፈይሳ አጠገቤ ቆመው ነበር። አንገታቸውን አቀርቅረው የወለሉን ሲሚንቶ ያዩ ጀመር። ደክሟቸው ነው ብዬ አሰብኩ።

ነርሷ ወጥታ «ማነው ያገኛችሁ?» አለችን። «ጎረቤት» አልናት። «ትንሽ ቢቆዩ ኖሮ» አለችና ሳትጨርሰው ተመልሳ ገባች። ከዚያ በኋላ እንዴት እንደጠበቅን አልገልጽላችሁም፤ ልጅ ያላችሁ ታውቁታላችሁ። በመጨረሻ ከበሩ ወዲያ ልቅሶ ሰማን፤ የተናደደ፣ ጉልበት ያለው ልቅሶ። ሰላማዊት ግድግዳውን ተደግፋ ተንሸራትታ ተቀመጠች። አዴ ጫልቱ እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው ፈጣሪያቸውን በኦሮምኛ አመሰገኑ።

«እንዴት አወቁ፣ አዴ ጫልቱ?» አልኳቸው።

«ሶስና ስታለቅስ ሰማኋት» አሉ። «ልጅ ሲያለቅስ አንድ ሰው እሹሩሩ ይላል፣ ወይ ይቆጣል። የእናንተ ድምፅ የለም። ከዚያ እሷም ዝም አለች። ዝምታውን አልወደድኩትም።»

ጭንቅላቴ ገና ስላልጠራ የነገሩኝን አላመዛዘንኩም። ጉልበታቸውን ስሜ አመሰገንኳቸው።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ለቀቁን። ቤታችን መስኮቱ ተሰብሮ ዝናብ ስለገባበት አዴ ጫልቱ ወደ ራሳቸው ቤት ወሰዱን። እኔንና ሶስናን አልጋቸው ላይ አስተኝተው ብርድ ልብስ ደረቡልን። አልጋው የቆመው ያንን ግድግዳ ተጠግቶ ነው። ሶስና ወዲያው ተኛች። ሰላማዊት ደህና ስለነበረች ስብርባሪውን ልጥረግ ብላ ወደ ቤታችን ሄደች። አዴ ጫልቱ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ድንች ይልጣሉ።

የመጥረጊያ ድምፅ ሰማሁ። መስታወት ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ። ሰላማዊት የሶፋውን ትራስ ስታራግፍ ሰማሁ። እዚያው ክፍል ውስጥ አብራን ያለች ያህል ነበር። ከዚያ ስልኳ ጮኸ።

«እህቴ፣ ተርፈናል፣ አታልቅሺ» አለች ሰላማዊት። «አይ፣ በእሱ ምክንያት አልለውም። ብርዱ ነው። ... ምን ማስሞላት፣ በምን አቅማችን? ለአንቺ ያልነገርኩሽ ነገር አለ። ደረጀ ከሥራ ከወጣ ቆየ።»

ድንቹ ላይ የነበረው ቢላዋ ቆመ።

«በየጠዋቱ ከረባት አስሮ ይወጣል» አለች ሰላማዊት ከግድግዳው ወዲያ። «የት እንደሚውል አልጠይቀውም። እውነቴን ነው የምልሽ፣ ድህነቱ አይደለም የገደለኝ። ትያትሩ ነው። ቤት ውስጥ እንኳን...»

አዴ ጫልቱ ከበርጩማው ተነሡ። አላዩኝም። ቀጥ ብለው መደርደሪያው ላይ ወዳለው ሬዲዮ ሄደው ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፈቱት። አንድ ሰው ስለ ማዳበሪያ እየጮኸ ማብራራት ጀመረ። የባለቤቴ ድምፅ ጠፋ።

እጃቸው ቁልፉን ያገኘው ሳይዳብስ ነው። ስንት ጊዜ እንደለመደው ያን ጊዜ ገባኝ። እኔና ሰላማዊት ስንጨቃጨቅ፣ ስለ ጎደለው ነገር ስንንሾካሾክ፣ አንድ ምሽት ፊቴን በመዳፌ ይዤ እንደ ልጅ ሳለቅስ፣ ያ ሬዲዮ የጮኸው ላለመስማት ነበር። እኔ ደግሞ ሄጄ «ዝቅ አድርጉልኝ፣ የቢሮ ሥራ አለኝ» ብያለሁ። እሳቸውም እሺ ብለው ዘጉት። ከዚያ በኋላ ሁሉንም ሰሙ። ፍሪጁን ለመሸጥ ስንወስን ሰሙ፣ በማግስቱ ቦነስ አገኘሁ ስላቸው ደግሞ ፊት ለፊቴ ቆመው ሰሙኝ። «ላም እንጂ ቤት አያውቁም» ስልም ሰምተዋል። ክረምቱ ይውጣ ያሉት ለግድግዳው ርጥበት አዝነው አልነበረም፤ ፍሪጃችን እንዳይሸጥ ነው። ወተቱም የሚመጣልን ስለተረፈ ብቻ አልነበረም።

«አዴ ጫልቱ፣ ይዝጉት» አልኩ።

«እ? አልሰማሁህም ልጄ። ጆሮዬ ደክሟል» አሉ፣ ጀርባቸውን እንደሰጡኝ።

የአንዲት ሕፃን ዝምታ ከሁለት ግድግዳ ወዲያ የሰሙ ሴት ናቸው ይህን የሚሉኝ። ብርድ ልብሱን ፊቴ ላይ ጎትቼ ወደ ግድግዳው ዞርኩ። ያን ጊዜ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ቤታችን ስንመለስ የመጀመሪያ ንግግሬ «ኤልያስን ዛሬውኑ ልጥራው፤ ይሙላው» የሚል ነበር።

«ክረምቱ እኮ አልወጣም» አለች ሰላማዊት። «ምን አስቸኮለህ?»

«ፍሪጁ ይሸጥ። ሶፋውም ይሸጥ። ዛሬ ይሙላው!»

ትክ ብላ አየችኝ። «ደረጀ፣ ልትደፍን የፈለግከው ብርዱን ነው?»

እየተንሾካሾክሁ የሰማሁትን ነገርኳት። እጇን አፏ ላይ ጫነች። እሷም በየተራ እያስታወሰች እንደሆነ ፊቷ ላይ አየሁ።

«ለእህቴ ያልኳትንም ሰማህ?» አለችኝ።

«ሰማሁ። ትያትሩን።»

«ይቅርታ አልልህም» አለች። ድምፅዋን ዝቅ አላደረገችም። «ደክሞኛል። ግድግዳውን ብታስሞላው ከእንግዲህ የምንለውን አይሰሙ ይሆናል። እስከ ዛሬ የሰሙትን ግን ከውስጣቸው አታወጣውም።»

ላሞቹ በሚታለቡበት ሰዓት ላይ ሄድኩ። ኦቦ ፈይሳ ፍሩሽካ እየበጠበጡ ነበር፤ አዴ ጫልቱ የወተት ጣሳ እያጠቡ። ያን ቀን ከረባት አላሰርኩም። መንገድ ላይ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበር፤ በረቱ በር ላይ ስደርስ ጠፋብኝ።

«ሥራ የለኝም» አልኩ። «ከወጣሁ ቆይቻለሁ። ኃላፊ ነኝ፣ ቦነስ ተሰጠን ያልኳችሁ ሁሉ ውሸት ነው።»

አዴ ጫልቱ ጣሳውን አስቀመጡ። ዓይናቸውን አፈጠጡ፣ እጃቸውን ጉንጫቸው ላይ አደረጉ።

«እንዴ! መቼ? ምነው ልጄ፣ እኔ ምንም አልሰማሁም እኮ!»

እንደዚያ ሲያስመስሉ ያየ ሰው ቢያምናቸው አይፈረድበትም። ክብሬን መልሰው እጄ ላይ ሊያስቀምጡልኝ ነበር የሚሞክሩት፤ እኔ የጣልኩትን ክብር። ማልቀስ ጀመርኩ። በሰው በረት ውስጥ፣ ላሞች እያዩኝ።

ኦቦ ፈይሳ ግን ማስመሰል አልተሰጣቸውም። «በቃሽ ጫልቱ» አሏቸው ቀስ ብለው። ወደ እኔ ዞሩ። «እኔ ልንገርህ። ወተታችንን የሚወስደው ነጋዴ በፈለገው ቀን ይመጣል፣ በፈለገው ቀን ይቀራል። እኔና እዚህ ላም ያላቸው ጎረቤቶቼ አዲስ አበባ ገብቶ ከካፌና ከሆቴል ጋር የሚነጋገር፣ አፍ ያለው ሰው ስንፈልግ ነው የከረምነው።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«ኃላፊ ነኝ ለሚል ሰው ወተት አዙርልን ብዬ እንዴት ልናገር? ብታፍርብኝስ?»

እሳቸው ነበሩ እኔን እንዳያሳፍሩ የተጨነቁት። እንግዲህ አስቡት። ሥራው ከግድግዳው ወዲያ፣ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ፣ ውሸቴን እስክጨርስ ሲጠብቀኝ ነው የከረመው።

«ስለ ላሞቹ የተናገርኩትንም...» ብዬ ጀመርኩ።

«የትኛውን?» አሉ አዴ ጫልቱ ቶሎ ብለው።

ኦቦ ፈይሳ ሳቃቸው አመለጣቸው። «እውነቱን ነው፤ ስለ ላም ነው የማውቀው። አሁን ያንን ባልዲ አቀብለኝ።»

የግድግዳው ጉዳይ ግን ገና አልተቋጨም ነበር። አሁን አይሞላ ባዩ እኔ ሆንኩ። ክፍተቱ ባይኖር ልጄን ማን ይሰማት ነበር? ብርዱን እንችለዋለን፣ እንዳለ ይቅር አልኩ። አዴ ጫልቱ እንደዚያ ተቆጥተው አይቻቸው አላውቅም።

«በእኔ ጆሮ ተማምነህ ነው ልጅ የምታሳድገው? ገበያ የሄድኩ ቀንስ? ቤቱ ሞቆ ቢሆን ከሰሉን ታስገባው ነበር?»

ስለዚህ ጥቅምት ላይ፣ ግድግዳው ሲደርቅ፣ ኤልያስ መጥቶ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሞላው። ወጪውን ሁለቱም ቤቶች ተጋርተው። ፍሪጁም አልተሸጠም።

እናንተ ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ ከእናንተ መካከል ጠዋት ተነሥቶ የሌለ ቢሮ የሚሄድ ሰው እንዳለ አውቃለሁ። ወተት ሳዞር አዲሱ ገበያ ላይ አያችኋለሁ፤ ቦርሳችሁን አቅፋችሁ የምትቀመጡበትን ማዕዘን ሁሉ አውቀዋለሁ። አልወቅሳችሁም። አንድ ነገር ብቻ ልንገራችሁ፤ የምትደብቁት ነገር ምናልባት የተደበቀው ከእናንተው ብቻ ይሆናል። እኔን ሥራ ማጣቴ አላሳፈረኝም፤ ሥራ ማጣት በማንም ይደርሳል። ያሳፈረኝ እያወቁ በዝምታ ሲሸከሙኝ የነበሩ ሰዎችን ቁልቁል ማየቴ ነው። ከሰላማዊት ጋር ደግሞ ገና ያልጨረስነው ብዙ አለ። «ትያትር» ያለችው ቃል አንዳንድ ቀን ከረባቴን ሳይ ይመጣብኛል፤ ልረሳው ግን አልፈልግም።

ግድግዳው በተሞላ ማግስት ጠዋት አዴ ጫልቱ ወተት ሳይዙ፣ ነጠላቸውን በወጉ እንኳን ሳይለብሱ መጥተው በራችንን አንኳኩ። ዓይናቸው እንቅልፍ ያጣ ሰው ዓይን ነበር።

«ደህና ናችሁ? ሌሊቱን ሙሉ አንድም ነገር ሳልሰማ አደርኩ እኮ!» አሉ።

ይህን እንዳሉ ምን እንደተናገሩ ገባቸው። እጃቸው ወደ አፋቸው ሄደ። እንደዚያ ሲያፍሩ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው። የእኔም ፊት ጋለ። በረንዳው ላይ ሁለታችንም መሬት መሬቱን እያየን ቆምን። ከዚያ እኔ በሩን ወለል አድርጌ ከፈትኩላቸውና «ይግቡ፣ አዴ ጫልቱ» አልኳቸው። «ሶስና ቁርስ እየበላች ነው።»